ከአሠሪው ሰርቆ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው፦ ከቅጣት ቀጠሮው በፊት የሚሠራ ሥራ

ስልኬ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ከሰዓት ነው። «እህቴ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነበረች፣ ገንዘብ አጉድለሻል ተብላ ተከሳ ዛሬ ጥፋተኛ ተባለች፣ ለቅጣት ለማክሰኞ ተቀጥሯል፣ ልጆቿን ይዘን እንቅረብ ወይስ ምን ይሻላል?» ልጆቹን ይዞ መቅረብ ክፋት የለውም። ግን ቅጣት የሚሰላ ነገር ነው። ዳኛዋ አንጀቷ ቢራራ እንኳ የምትራራበት አንቀጽ ያስፈልጋታል። አንቀጹን ከነማስረጃው አዘጋጅቶ መቅረብ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው፤ ለዚህ ያላችሁ ጊዜ አንዳንዴ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

የምጽፈው የመጀመሪያ ጥፋቱ ለሆነ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። «አልወሰድኩም» ብሎ ገና የሚከራከር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ክሱን አውጡና አንቀጹን አንብቡ

ሰው ሁሉ «ሰረቀ» ይላል። ሕጉ ግን ይለያል። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ ነው፣ እምነት ማጉደል ደግሞ አንቀጽ 675 ላይ። ልዩነቱ ንብረቱ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ላይ ያለ ሰው፣ ዕቃ ጭኖ እንዲያደርስ የተሰጠው ሹፌር ንብረቱን ተረክበው ነው የያዙት። እነሱ ለራሳቸው ካዋሉት እምነት ማጉደል ነው። የቤት ሠራተኛዋ ከእመቤቷ ቁም ሣጥን ወርቅ ካነሳች፣ ወይም የፋብሪካ ዘበኛ በሌሊት ብረት ካወጣ፣ የተረከቡት ነገር ስላልሆነ ስርቆት ነው።

ሁለቱም አንቀጾች ከቀላል እስራት ይነሱና እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳሉ። ይሄ ሰፊ ሜዳ ነው። ቀላል እስራት በመርህ ደረጃ ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ነው፣ ጽኑ እስራት ደግሞ ከአንድ ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ሰው በአንድ አንቀጽ ተፈርዶባቸው አንዱ ለበዓል ቤቱ ሊገባ፣ ሌላው ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የሚለያያቸው ከታች የምነግራችሁ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ክሱ «ከባድ» የሚል ቃል አለበት ወይ? ሰብሮ መግባት ወይም የመሳሰለው ነገር ከተጨመረበት አንቀጹ 669 ይሆናል፣ መነሻውም በጣም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚሠራ አክሲዮን ማኅበር ከሆነ፣ ለምሳሌ ባንክ ከሆነ፣ ክሱ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሒሳቡ ሁሉ ይቀየራል፤ ያለ ጠበቃ አትሞክሩት። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌለ ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ አንዳንዶቹ ከምትከፍሉት ጠበቃ ይበልጣሉ። ይህን ያልኩት ራሴ የምከፈለው ጠበቃ ሆኜ ነው።

ቅጣቱ እንዴት ይሰላል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88 ቅጣት ተቀራራቢ እንዲሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መመሪያ ያውጣ ይላል። በዚህ መሠረት መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 1/2002 ወጣ፣ ከዚያ በመመሪያ ቁጥር 2/2006 ተተካ። መመሪያው ሰንጠረዥ አለው፣ ሰንጠረዡ ውስጥ እርከኖች አሉ። ችሎት ውስጥ «እርከን ይህን ያህል ላይ ያርፋል» ሲባል የምትሰሙት እሱን ነው።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ወንጀሉ ምን ያህል ከባድ ነው ብሎ መነሻ እርከን ይይዛል፤ በንብረት ወንጀል ላይ እዚህ ጋ ክብደት ያለው ነገር የገንዘቡ መጠንና አወሳሰዱ ነው። ከዚያ ማክበጃ ካለ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ማቅለያ ካለ ወደ ታች ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ማክበጃ ቀድሞ ማቅለያ ተከትሎ። መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት እርከን ራሱ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል አለው፣ ዳኛው በክልሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ይመርጣል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ማቅለያ በቁጥር ነው የሚያዘው። አንድ ምክንያት በሦስት ገጽ ከመጻፍ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶችን በአንድ ገጽ፣ እያንዳንዱን ከነማስረጃው፣ ማስቀመጥ ይሻላል።

የገንዘቡን መጠን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪ ሲናደድ ጉድለቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይቆልላል። የቆጠራ ልዩነት፣ የተበላሸ ዕቃ፣ የቀድሞው ሠራተኛ ያጎደለው፣ ሁሉም ተደምሮ ክስ ላይ ይጻፋል። ቅጣቱ መመሥረት ያለበት ግን በፍርዱ ላይ ተረጋገጠ በተባለው ገንዘብ ነው። ፍርዱን አንብቡ። ክሱ 140 ሺህ ብሎ ፍርዱ 86 ሺህ ካለ፣ ዐቃቤ ሕግ በቅጣት አስተያየቱ ላይ ተመልሶ 140 ሺህ ሲል ዝም አትበሉ።

«እምነት» ሁለት ጊዜ አይቆጠርም

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ጽሑፍ እምብርቱ እሱ ነው።

ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየት ሲያቀርብ እጁ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ አንቀጽ 84 ነው። እዚያ የተዘረዘሩት ጠቅላላ ማክበጃዎች ናቸው፤ አንዱ የተጣለበትን እምነት ወይም ኃላፊነት አላግባብ መጠቀም ነው። «ተከሳሿ አሠሪዋ የጣለባትን እምነት አላግባብ ተጠቅማ ስለሆነ ቅጣቱ ይክበድልን» ይላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ያው አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ፣ አንድ ሁኔታ ወንጀሉን የሚያቋቁም ሆኖ በልዩ ድንጋጌው ከተካተተ ፍርድ ቤቱ ያንኑ ሁኔታ ለማክበጃ እንደገና ሊይዘው አይችልም ይላል። አንቀጽ 675 ደግሞ ስሙ ራሱ እምነት ማጉደል ነው! እምነት ባይኖር ወንጀሉም የለም። ካሸሯ በአንቀጽ 675 ከተፈረደባት እምነቱ አንዴ ተቆጥሯል፣ አለቀ።

የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሷ የተፈረደባት በስርቆት ከሆነ፣ ስርቆት ውስጥ እምነት የወንጀሉ አካል ስላልሆነ ዐቃቤ ሕጉ የቤተሰቡን እምነት ተጠቅማለች ብሎ ማክበጃ ቢጠይቅ ሊሳካለት ይችላል። ይገርማል አይደል፣ መቶ ሺህ ያጎደለችው ካሸር የማይጨመርባት ነገር አንድ ቀለበት ያነሳችው ሠራተኛ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ አንቀጹን ሳታዩ መልስ አትጻፉ።

ሌላው የሚነሳው ማክበጃ በግብረ አበርነት ነው። ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተስማምተው ከሆነ ይያዛል። ተደጋጋሚነትንም አስተውሉ። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ሲወስድ የኖረ ሰው «የመጀመሪያ ጥፋቴ ነው» ሲል ዳኛው ቅንድቡን ማንሳቱ አይቀርም። ሕጉ በአንድ ሐሳብ ተነሳስተው የተሠሩ ተከታታይ ድርጊቶችን እንደ አንድ ወንጀል ሊያያቸው ይችላል፣ ክሱም በአንድ ከቀረበ ደግ ነው። ግን ድርጊቱ ብዙ ጊዜ የቆየ ከሆነ «በድንገት አሳሳተኝ» የሚለውን ቃል ከጽሑፋችሁ አውጡት። ያስቃል።

ማቅለያውን መሰብሰብ

ማቅለያዎቹ ያሉት አንቀጽ 82 ላይ ነው። ለአሠሪ ስርቆት የሚሆኑትን ብቻ ላንሳ።

ከሁሉም የሚበልጠው ገንዘቡን መመለስ ነው። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን ማቅለያ ያደርገዋል፣ ጸጸቱ የሚታይባቸውንም መንገዶች ይጠቅሳል፦ ለተበዳዩ ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስ፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅ መስጠት። «በተቻለ መጠን» የሚለውን አስምሩበት። ሁሉንም መመለስ የግድ አይደለም። 86 ሺህ ያጎደለች ሴት ወርቋን ሸጣ፣ ዕቁቧን ቀድማ ወስዳ፣ ወንድሟ ጨምሮላት 50 ሺህ ብትከፍል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አከፋፈሉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በእጅ ለአሠሪው ሰጥቶ «አምላክ ያውቃል» ብሎ መመለስ የለም። ወይ በባንክ አስገብታችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ወይ አሠሪው ፈርሞ ይስጣችሁ፣ ወይ አልቀበልም ካለ ፍርድ ቤቱን ጠይቃችሁ በፍርድ ቤቱ በኩል አስቀምጡ። ገንዘቡ ከፍርድ በፊት የተመለሰ ከሆነ ይበልጥ ያምራል፤ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ከተመለሰማ ጸጸቱን የሚጠራጠር የለም።

ማመን ሁለተኛው ነው። ክሱ ሲነበብ በክሱ የተዘረዘረውን ሁሉ ያመነ ሰው ይህ ራሱ ይያዝለታል። ክዶ ተከራክሮ የተፈረደበት ሰው ይህን ማቅለያ አያገኝም፤ ግን መካዱ ማክበጃ አይሆንበትም፣ መከራከር መብቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ፍርድ ቤቱን አድክሟል» ካለ ይህንኑ በትሕትና አስታውሱት።

ቀጥሎ የቀድሞ ጠባይ። ሁሉም ሰው «የወንጀል ሪከርድ የለብኝም» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ሪከርድ ካላቀረበ የለም ማለት ነው፣ ይህን በሰነድ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ግን እዚያው አትቁሙ። ሕጉ የሚለው ጥሩ ጠባይ ነው፣ አብሮትም ድርጊቱ በአላዋቂነት፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ መሆኑን ያነሳል። ለዚህ የሚሆነው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፣ ከቀድሞ አሠሪ የተሰጠ ምስጋና ነው፣ ያለ ጉድለት የተረካከበበት ሰነድ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህ ነገር ሁልጊዜ የሚለው አለው፦ ንጹሕ ሪከርድ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ የካዝና ቁልፍ አይሰጠውም፣ ስለዚህ ለገንዘብ ያዥ ንጹሕ ሪከርድ ዋጋው ግማሽ ነው። ትንሽ ጨካኝ አነጋገር ነው፣ ግን ዳኞችም ውስጥ ውስጡን እንዲህ የሚያስቡ አሉ። የአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት ያለ አንድ ብር ጉድለት የሚለው ደብዳቤ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ባዶውን «ሪከርድ የለም» ወደ ሰው ታሪክ ይቀይረዋል።

ከዚያ ችግር። አንቀጽ 82 በከባድ ቁሳዊ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ያጠፋን ሰው ይመለከታል። የእናት ዲያሊሲስ፣ የልጅ ቀዶ ሕክምና፣ ከቤት ልቀቁ የሚል አከራይ። ማስረጃው የሆስፒታል ወረቀት ነው፣ ቀኑ ደግሞ ገንዘቡ ከጎደለበት ቀን ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አታቅርቡት። ስፖርት ውርርድ ላይ የጠፋ ገንዘብን «ቤተሰብ ለመርዳት» ብሎ መጻፍም ጣጣ አለው፣ ምክንያቱም የሞባይል ዝውውሩ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምመክረው እውነቱን መናገርና ሰውየው ካቆመ፣ እንዴት እንዳቆመ ማሳየት ነው።

የቤተሰብ አስተዳዳሪነት፣ የራስ ሕመም፣ የሚጠባ ልጅ፣ እነዚህ አንቀጽ 82 ውስጥ በስም አልተጻፉም። ግን አንቀጽ 86 ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን እየገለጸ ሌሎች ሁኔታዎችንም እንዲይዝ ይፈቅዳል። የልደት ሰርተፍኬት፣ ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሐኪም ማስረጃ ይያያዝ። ደግሞ በእግዚአብሔር፣ የውሸት የሕክምና ወረቀት አታሠሩ። አንዱን ወንጀል ለማቅለል ሌላ ወንጀል መክፈት ነው።

ሽማግሌ መላክ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ግን እንደምታስቡት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ አሠሪው ይቅር ካለ ክሱ የሚቆም ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ክስ በአሠሪው ፈቃድ ብቻ የሚሞት አይደለም፣ ዐቃቤ ሕጉ ይዞት ይቀጥላል። ቅጣት ላይ ግን አሠሪው «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» ብሎ የፈረመው ወረቀት ከአሥር ምስክር ይሻላል። ስለዚህ ሽማግሌ ላኩ። ሰውዬው የሚያከብረውን ሰው ምረጡ፣ ገንዘቡን ወይም ከፊሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ እጅ «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች» ማለት አሠሪን ይበልጥ ያናድዳል። እኔ ያየሁት አንድ ሽምግልና የፈረሰው ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለእርስዎ ይሄ ምን አላት» ስላሉ ነው።

ችሎት ግቢ ውስጥ ከሚዞሩ ጉዳይ ገዳዮች ደግሞ ራቁ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ 20 ሺህ ስጡኝ» የሚል ሰው ሁሌም አለ። ያንን 20 ሺህ ለአሠሪው መልሱት፣ እርከን የሚያወርደው እሱ ነው።

ወረቀቱ ምን ይመስላል?

በቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ልማዳችን ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ስለ ቅጣት ይናገራል፣ ከዚያ ተከሳሽ ይመልሳል፣ የጠባይ ምስክርም ማቅረብ ይችላል። በቃል መናገር ይቻላል፣ ግን በጽሑፍ ይሁን። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ብሎ ቢጀምር ይበቃል፦

«ተከሳሿ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 ጥፋተኛ ተብላለች። ክሱ በተነበበላት ቀን ድርጊቱን በሙሉ አምናለች። ከጎደለው 86,000 ብር ውስጥ 50,000 ብሩን መልሳለች፣ ደረሰኙ በአባሪ 1 ተያይዟል። ቀሪውን በስድስት ወር ለመክፈል ከአሠሪዋ ጋር ተስማምታለች፣ ስምምነቱ በአባሪ 2 ተያይዟል። ከዚህ በፊት ለሰባት ዓመት ያለ ጉድለት ሠርታለች፣ አባሪ 3። የአራትና የሁለት ዓመት ልጆች እናት ነች፣ አባሪ 4።»

ከዚያ እያንዳንዱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያዝ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ያነሳው ማክበጃ ለምን እንደማይያዝ፣ መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት። «ሩኅሩኁ ፍርድ ቤት»፣ «እንደ አባት አይቶን» የሚሉትን ቀንሱ። ዳኛው በቀን የሚያነበው መዝገብ ብዙ ነው፣ ዓይኑ የሚፈልገው አባሪ ቁጥር ነው።

ገደብ

መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት ብዙውን ጊዜ ገደብ ነው። ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ያሉትን አንብቡ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ቅጣቱን ሳይወስኑ ማቆየት፣ ወይም ወስኖ አፈጻጸሙን ማገድ። የተለመደው ሁለተኛው ነው። ፍርድ ቤቱ «ሁለት ዓመት እስራት፣ በሦስት ዓመት ገደብ» ሊል ይችላል፣ ያ ማለት ሰውዬው ቤቱ ይገባል፣ በገደቡ ዘመን ካጠፋ ግን የታገደው ይቀሰቀስበታል። የገደቡ ዘመን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው።

ገደብ ስትጠይቁ ዳኛው በልቡ የሚጠይቀው «ይሄ ሰው ነገ ምን ይሠራል?» የሚለውን ነው። የመጀመሪያ አጥፊ መሆን በሩን ይከፍታል፣ አያስገባም። የሚያስገባው አዲስ ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ቀሪውን ገንዘብ የሚከፍልበት ዕቅድ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ ነው። ደግሞ ገደብ የሚታሰበው ቅጣቱ ዝቅ ሲል ነው፣ ለዚህም ነው ማቅለያዎቹን አንድ በአንድ እንድትለቅሙ የጨቀጨቅኳችሁ። አንድ ክርክር ደግሞ ያግዛል፦ የታሰረ ሰው አይከፍልም። ቀሪ ዕዳ ያለበት ተከሳሽ ውጭ ሆኖ ቢሠራ አሠሪውም ገንዘቡን ያገኛል።

ከእስራቱ ሌላ ወንጀሉ ለጥቅም የተሠራ ስለሆነ መቀጮ ሊጨመር እንደሚችል እወቁ፤ አቅም እንደሌለ የሚያሳይ ነገር ካላችሁ አብሮ ይግባ። ገንዘቡን የመመለስ ዕዳም በእስራት አይሰረዝም፣ አሠሪው በፍትሐ ብሔር ሊጠይቅ ይችላል።

የውሳኔው ቀን

ገደብ ካልተሰጠ ከችሎት ሳትወጡ ሁለት ነገር አድርጉ። በምርመራ ጊዜና በቀጠሮ ላይ የታሰረባቸው ቀናት ከቅጣቱ እንዲታሰቡለት በትእዛዙ ላይ መጻፉን ጸሐፊዋን ጠይቁ፤ ተረስቶ ማረሚያ ቤት ከደረሰ ለማስተካከል መመላለስ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቁ፣ የይግባኝ ቀን መቁጠር የሚጀምረው እናንተ እስክትረጋጉ ጠብቆ አይደለም። ግልባጩ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታዩት የወራቱን ቁጥር አይሁን። የትኞቹ ማቅለያዎች ተያዙ፣ የትኞቹ ታለፉ፣ ለታለፉትስ ምክንያት ተሰጥቷል ወይ፣ እምነት ማጉደሉ ዞሮ በማክበጃ ገብቶ እንደሆነ፣ እሱን እዩ። ይግባኝ ካለ እዚያ ነው ያለው። በአመክሮ ለመውጣት ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ እንደሚጠይቅም አስልታችሁ ለታሳሪው ንገሩት፤ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሰው የሚይዘው አንድ ቀን ይፈልጋል።